ሠራተኛን ከወረርሽኝ መጠበቅ ቸርነት ነው ወይስ ዕዳ?

ሰው ለዕለት እንጀራው ከቤቱ ወጥቶ ሲሠማራ በሌላ ሰው ጣራ ሥር ይገባል። በዚያ ጣራ ሥር የሚቆምበትን ስፍራ የሚመርጥለት፥ መስኮቱን የሚያስከፍት ወይም የሚያዘጋ፥ የሚገባበትንና የሚወጣበትን ሰዓት የሚወስን ሌላ ነው። ሠራተኛው ጉልበቱንና ጊዜውን ለደመወዝ ይሰጣል፤ እስትንፋሱን ግን አልሸጠም፤ ሊሸጠውም አይችልም፤ የእግዚአብሔር ገንዘብ ነውና። ነገር ግን ጉልበቱ ባለበት ስፍራ እስትንፋሱም አብሮ ስለሚገኝ፥ ሳይሸጠው በሌላው እጅ ውስጥ ይወድቃል። ከዚህ የተነሣ አንድ ብርቱ ጥያቄ ይመጣል። በወረርሽኝ ዘመን አሠሪ ሠራተኛውን ከበሽታ ለመጠበቅ የሚያደርገው ነገር ከርኅራኄ የመነጨ ቸርነት ነውን? ወይስ ሳይከፍለው ቢቀር በእግዚአብሔር ፊት የሚጠየቅበት ዕዳ ነው?

ጥያቄው የቃላት ጨዋታ አይደለም። ቸርነት ከሆነ ያደረገው ሰው ይመሰገናል፤ ያላደረገው ግን አይከሰስም። ዕዳ ከሆነ ግን ያደረገው ሰው የተበደረውን መለሰ እንጂ ከገንዘቡ አልሰጠም፤ ያላደረገውም የባልንጀራውን ገንዘብ እንዳስቀረ ይቈጠራል። በሚመሰገነውና በሚከሰሰው መካከል ያለው ርቀት ትንሽ አይደለምና ነገሩን በጥንቃቄ ልንመረምረው ይገባል።

የምንመረምርበትም ጊዜ ደርሷል። የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ 19 የተባለው በሽታ ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. አስታወቀ። ከሁለት ቀን በኋላ፥ መጋቢት 4 ቀን፥ በሀገራችን የመጀመሪያው ሕሙም መገኘቱ ተነገረ፤ በዚያው ወር በ30ኛው ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ድርጅቱም የዓለሙ አስቸኳይ ጊዜ ማብቃቱን ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ገለጠ። በእሳት መካከል ያለ ሰው ውሃ ይሻል እንጂ የእሳቱን መነሻ አይመረምርም። እሳቱ ከበረደ በኋላ መነሻውን ያልመረመረ ሰው ግን ለሁለተኛው እሳት ማገዶ ያከማቻል።

የሰገነቱ መከታና ተዋጊው በሬ

ለዚህ ጥያቄ መልስ ስንፈልግ ከቅዱሳት መጻሕፍት ሁለት ጥንታውያን ሕጎችን እናገኛለን። የመጀመሪያው በኦሪት ዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ ያለው ነው። በዚያ ሀገር የቤት ጣራ ጠፍጣፋ ነበርና ሰዎች ይወጡበት፥ ይቀመጡበት፥ ያድሩበትም ነበር። ሕጉም አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ያዝዛል፤ ሳያበጅ ቀርቶ ሰው ወድቆ ቢሞት የሟቹ ደም በዚያ ቤት ላይ እንደሚሆን ያስጠነቅቃል።

አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ ልብ በል። ባለቤቱ ማንንም አልገፋም። የወደቀው ሰው በገዛ እግሩ ወጥቶ፥ በገዛ እግሩ ተንሸራቶ ነው የወደቀው። ምናልባትም ባለቤቱ በዚያ ሰዓት በእርሻው ላይ ነበረ። ሆኖም አላየሁም፥ አልገፋሁም የሚለውን ምክንያት ሕጉ አይቀበለውም። ጣራውን የሠራ፥ ሰውንም ወደ ጣራው ያስወጣ እርሱ ነውና፤ በሰው ቤት ላይ መከታ የሚሠራ እንግዳ ደግሞ የለም።

ሁለተኛው ሕግ በኦሪት ዘጸአት በ21ኛው ምዕራፍ ይገኛል። አንድ በሬ በድንገት ሰውን ወግቶ ቢገድል የበሬው ባለቤት በነፍስ አይጠየቅም። ነገር ግን በሬው አስቀድሞ ተዋጊ እንደ ነበረ ለባለቤቱ ተነግሮት፥ እርሱም ሳይጠብቀው ቀርቶ ሰው ቢገድል፥ በደሉ ከበሬው አልፎ ወደ ባለቤቱ ይሻገራል። በሬው ያው በሬ ነው፤ ቀንዱም ያው ቀንድ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የባለቤቱ ማወቅ ብቻ ነው።

ከሁለቱ ሕጎች ሁለት መሠረቶችን እንቀበላለን። ከመጀመሪያው፥ ስፍራውን የሚገዛ ሰው ወደ ስፍራው ለሚገባው ነፍስ ባለዕዳ መሆኑን እንማራለን። ከሁለተኛው፥ የዕዳው ክብደት በዕውቀት መጠን እንደሚለካ እንረዳለን። ሥልጣንና ዕውቀት በአንድ ሰው ላይ በተገናኙ ጊዜ ዕዳው ሙሉ ይሆናል፤ ማምለጫም የለውም።

ዐውቆ ዝም ማለት

እንግዲህ ስለ ዕውቀት ጥቂት እንናገር። በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው የዓለም ወረርሽኝ አዲስ አበባን በመታ ጊዜ ብዙ ሺህ ሰው አልቋል፤ ለቀብር የሚሆን ሰው እስኪታጣ ድረስ መከራው ጸና። አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ እንኳ በበሽታው ተይዘው ለጥቂት ተርፈዋል። ሕዝቡ ቆሻሻውን እያቃጠለ፥ ሰፈሩን በጢስ እያጠነ ሊከላከለው ሞከረ፤ ኅዳር 12 ቀን ኅዳር ሲታጠን እየተባለ መታሰቡም ከዚያ የመጣ ነው። የዚያ በሽታ ወገን የሆነው የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ከሰው ተለይቶ የታወቀው ግን በ1925 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በ1911 ዓ.ም. ሠራተኞቹን በአንድ ጠባብ ክፍል ሰብስቦ ያሠራ ሰው ቢኖር፥ በሬው ተዋጊ መሆኑን ማንም አልነገረውም ነበርና አንወቅሰውም።

ለእኛ ግን ተነግሮናል። በኮርያ ርእሰ ከተማ በሴኡል፥ በየካቲት ወር ማብቂያ 2012 ዓ.ም. የሆነውን እንመልከት። በአንድ ረጅም ሕንፃ በ11ኛው ፎቅ ላይ የስልክ ጥሪ የሚቀበሉ ሠራተኞች ጎን ለጎን ተጠጋግተው ይሠሩ ነበር። በዚያ ፎቅ ላይ ከነበሩት 216 ሠራተኞች 94ቱ በበሽታው ተያዙ። ከሕንፃው ሰዎች 1,143ቱ ሲመረመሩ፥ ከ11ኛው ፎቅ ውጭ የተያዙት ግን 3 ብቻ ሆነው ተገኙ። ሰዎቹ በመግቢያውና በአሳንሰሩ በየቀኑ ይገናኙ ነበር። በበር ላይ መተላለፍ እንደዚያ አልጎዳቸውም፤ የጎዳው በአንድ አዳራሽ ውስጥ ተጠጋግቶ፥ ድምፅን ከፍ አድርጎ እየተናገሩ ረጅም ሰዓት መዋል ነው።

ሌላው ማስረጃ ለእኛ ለማኅሌት ሰዎች ይበልጥ ይቀርባል። በአሜሪካ በዋሽንግተን ግዛት በስካጂት ወረዳ መጋቢት 1 ቀን 2012 ዓ.ም. 61 ዘማርያን ለልምምድ ተሰብስበው ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ቈዩ። ከመካከላቸው አንዱ የጉንፋን ምልክት ነበረው። እርሱን ጨምሮ 53ቱ ታመሙ፤ 2ቱም ሞቱ። ማንም በማንም ላይ ክፉ አላሰበም። የተሰበሰቡት ለዝማሬ ነበር።

በወረርሽኙ መጀመሪያ ሰው ሁሉ ጠረጴዛውንና የበሩን እጀታ ሲጠርግ ይውል ነበር። እጅን መታጠብ ዛሬም መልካም ነው፤ ከብዙ በሽታ ይጠብቃልና። ይህ በሽታ ይበልጡን የሚተላለፈው ግን በእስትንፋስ እንደ ሆነ፥ በተዘጋ ክፍል ውስጥም እንደ ጢስ ተንሳፎ እንደሚቈይ፥ የተያዘው ሰው ገና ሕመሙ ሳይሰማው ከአንድና ከሁለት ቀን በፊት ለሌላው ሊያስተላልፍ እንደሚችል በኋላ ታወቀ። ስለዚህ ዋነኞቹ መከታዎች የታወቁ ናቸው፤ መስኮትን መክፈት፥ መቀመጫን ማራራቅ፥ አፍና አፍንጫን በማስክ መሸፈን፥ ሠራተኞችን በፈረቃ መከፋፈል፥ በደጅ ሊሠራ የሚችለውን በደጅ መሥራት፥ የታመመውንም ከነደመወዙ ማሳረፍ፤ ክትባትም በተገኘ ጊዜ ሠራተኛው ሄዶ የሚከተብበትን ሰዓት አለመከልከል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ መስኮት መክፈት ግን አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ይህን ዐውቆ በሩንና መስኮቱን ዘግቶ የሚያሠራ ሰው የተዋጊውን በሬ ገመድ በገዛ እጁ የፈታ ነው።

ሕመሙን እንዲደብቅ ያደረገው ማን ነው?

አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። ቃሉ እውነት ነው። ነገር ግን ምሳሌው ሕሙሙን ብቻ ይገሥጻል፤ እኛ ደግሞ ከእርሱ አልፈን፥ ሰውዬው በሽታውን የደበቀው ስለ ምንድን ነው ብለን ልንጠይቅ ይገባናል። ልጆቹ ዛሬ ማታ የሚበሉት በዛሬው የቀን ሥራ የተገኘ እንደ ሆነ፥ አሞኛል ብሎ ቢቀር ነገ ስፍራው ለሌላ የሚሰጥ እንደ ሆነ፥ ሳሉን በነጠላው አፍኖ ወደ ሥራ ይመጣል። በአንድ በኩል በሽታ፥ በሌላው በኩል ረኃብ ቆመው ሲጠብቁት፥ ሰው በዐይኑ የሚያየውን ረኃብ ይፈራል፤ የማያየውን በሽታ ይደፍራል።

በአሜሪካ በደቡብ ዳኮታ ግዛት በሱ ፎልስ ከተማ የሆነው ለዚህ ትልቅ ትምህርት ነው። በዚያ በ2012 ዓ.ም. 3,700 ያህል ሠራተኞች የነበሩት የሥጋ ፋብሪካ አለ። ሠራተኞቹ ከብዙ ሀገር የመጡ ስደተኞች ሲሆኑ፥ 40 ያህል ቋንቋዎች ይነገሩበታል፤ በብዛት ከሚነገሩትም መካከል አማርኛ፥ ትግርኛ፥ ኦሮምኛና ኩናምኛ ይገኙባቸዋል። እንግዲህ ነገሩ የሩቅ ሀገር ወሬ ብቻ አይደለም፤ የእኛም ልጆች በዚያ መስመር ላይ ቆመው ሥጋ ሲቈርጡ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የጸደይ ወራት በሽታው በፋብሪካው ውስጥ ሲስፋፋ፥ ኩባንያው እስከ ወሩ መጨረሻ ከሥራ ሳይቀር ለሚቈይ ሠራተኛ 500 ዶላር ጉርሻ እንደሚሰጥ አስታወቀ። በዚህ በሽታ ምክንያት የሚቀሩት ጉርሻውን እንደማያጡ መናገሩንም በፍትሕ ልንጠቅስለት ይገባል። ነገር ግን ገና ያልተመረመረ ሰው የያዘው ጉንፋን ይሁን ወረርሽኙ በምን ያውቃል? ጥርጣሬ ባለበት ስፍራ 500 ዶላር ሚዛኑን ወደ ወዴት እንደሚያዘነብል ድሃ ሆኖ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ይባስ ብሎ ለታመሙት ይሰጥ የነበረው የማስረጃ ወረቀት በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ እንደ ነበር ስፍራውን የጎበኙት የጤና መርማሪዎች ጽፈዋል። ለሰው በማያውቀው ቋንቋ ማስጠንቀቂያ መስጠት ዝም ከማለት በምንም አይለይም።

በዚያ ጸደይ በጥቂቱ 1,294 ሠራተኞች ተያዙ፤ 4ቱ ሞቱ። የሀገሩ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ኩባንያውን የቀጣው 13,494 ዶላር ነው፤ ይህም ሕጉ ለዚያ ጥፋት የፈቀደለት ትልቁ ቅጣት ነበር። በሰው ሕግ ሒሳቡ በዚህ ተዘጋ። በእግዚአብሔር ሕግ ግን የአንዲት ነፍስ ሒሳብ በዶላርም በብርም አይዘጋም። የምድር ሕግ የሚከለክለው የመጨረሻውን ክፋት ነው፤ የመጨረሻውን ክፋት ያልሠራ ሁሉ ደግሞ ጻድቅ ነው ማለት አይደለም።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ በ23ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን የዳዊትን ነገር እናስብ። ዳዊት በዋሻ ሳለ ከቤተ ልሔም ጕድጓድ ውሃ ለመጠጣት ተመኘ። ሦስት ኃያላን የፍልስጥኤማውያንን ሰፈር ጥሰው ገብተው ቀድተው አመጡለት። እርሱ ግን አልጠጣውም፤ ሰዎቹ ነፍሳቸውን ለሞት ሰጥተው ያመጡትን ውሃ እንደ ደማቸው ቈጥሮ ለእግዚአብሔር አፈሰሰው። ዳዊት ሂዱ ብሎ አላዘዛቸውም፤ በደመወዝም አላስገደዳቸውም፤ በፍቅር ፈቅደው ነው የሄዱት። በፈቃድ የመጣውን ውሃ ሊጠጣው ካልደፈረ፥ ረኃብ አስገድዶት ታሞ የመጣ ሠራተኛ ያዘጋጀውን እንጀራ ያለ ሐሳብ የሚበላ ምን ይባል? ይህ ነገር አሠሪውን ብቻ አይነካም፤ ዋጋው እንዲረክስለት ብቻ የሚሻውን ገዢም ይነካል።

ቤትም የሥራ ቦታ ነው

ስለ ሥራ ቦታ ሲነገር ብዙ ሰው ፋብሪካንና መሥሪያ ቤትን ብቻ ያስባል። በሀገራችን በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቍጥር 1156 አሠሪ የሠራተኞቹን ጤንነትና ደኅንነት እንዲጠብቅ ግዴታ ጥሎበታል። ለታመመ ሠራተኛም የመጀመሪያውን አንድ ወር ሙሉ ደመወዝ፥ ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ፥ ከዚያም ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ የሕመም ፈቃድ ወስኗል። ይህ መልካም መከታ ነው። ይሁን እንጂ በዐዋጁ ጥላ ሥር የማይገባ፥ ወይም ቢገባም መብቱን የማያውቅ እጅግ ብዙ ነው። ጧት በአደባባይ ቆሞ አሠሪ የሚጠብቀው የቀን ሠራተኛ፥ በጉሊት የምትውለው ሴት ረዳት፥ ከሁሉም ይልቅ በየቤታችን የምታገለግለው የቤት ሠራተኛ በዚህ ቍጥር ውስጥ ናቸው። የቤት ሠራተኛን የሥራ ውል ዐዋጁ ለሌላ ደንብ ትቶታል።

ሕግ ባልደረሰበት ስፍራ ሕሊና ብቻውን ይቆማል። የቤት እመቤት ሆይ፥ ልጅቱ በታመመች ጊዜ ወዴት ትሄዳለች? በወረርሽኙ ወራት ወደ ገበያ የላክሻት ማስክ ሰጥተሻት ነውን? በሽታው በመጣ ጊዜ ከቤት ወጥታ እንዳትቀር ፈርታ ትኵሳቷን ደብቃ ወጥ ስትሠራ እንዳልነበረች በምን ታውቂያለሽ? በግንቦትና በሰኔ 2012 ዓ.ም. በሊባኖስ ዋና ከተማ በቤይሩት፥ የገንዘብ ችግርና ወረርሽኙ በአንድነት በመጡ ጊዜ፥ አንዳንድ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞችን በመኪና እያመጡ በሀገራችን ቈንስላ ደጃፍ ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። ብዙዎቹ ደመወዛቸው አልተከፈለም ነበር፤ ከነሻንጣቸው በመንገድ ዳር አደሩ። ይህን የሰማን ሁሉ አዘንን፤ ተቈጣንም። ቍጣችን እውነተኛ የሚሆነው ግን ከገጠር መጥታ በራሳችን ማድቤት የምታድረው ልጅ ከታመመችበት ቀን ጀምሮ የምናደርግላትን ስናይ ነው። ነግ በኔ ማለት በሩቅ ላሉት ብቻ አይደለም።

ሁለት መከራከሪያዎች

በዚህ ላይ ሁለት መቃወሚያዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው ከእምነት ወገን የሚመጣ ነው። «የሰው ዕድሜ በእግዚአብሔር እጅ ነው፤ መጠንቀቅና መሸፈን የእምነት ጕድለት ነው» የሚሉ ጥቂቶች አይደሉም። ለእነዚህ የሚሆነው መልስ በወንጌል ነው። ፈታኙ ጌታችንን በቤተ መቅደስ ጫፍ ላይ አቁሞ፥ መላእክት ይደግፉሃልና ራስህን ወርውር ባለው ጊዜ፥ ጌታችን እግዚአብሔርን መፈታተን አይገባም ብሎ አሳፍሮታል። የመላእክትን ጥበቃ አልካደም፤ በጥበቃው መነገድን ግን ከለከለ። የሰገነቱን መከታ ያዘዘ ራሱ እግዚአብሔር ነውና መከታ መሥራት አለማመን ሊሆን አይችልም።

ደግሞም ሌላ የሚበልጥ ነገር አለ። በ3ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ ቸነፈር በገባ ጊዜ ክርስቲያኖች ሕሙማንን ሲያስታምሙ ብዙዎቹ እንደ ሞቱ የመንበሩ አባት ዲዮናስዮስ ጽፈዋል። በዘመናችንም ሐኪሞችና ነርሶች እንዲሁ አድርገዋል። ይህ ታላቅ ጽድቅ ነው። ነገር ግን እነዚህ የሰጡት የገዛ ነፍሳቸውን ነው። ሰማዕት የገዛ አንገቱን ይሰጣል፤ የጎረቤቱን አንገት ሰጥቶ ሰማዕት የተባለ ግን የለም። አሠሪ ስለ ራሱ በእግዚአብሔር ታምኜ አልፈራም ቢል ድፍረቱ ለራሱ ነው፤ ሠራተኛውን ያለ መከታ አቁሞ እግዚአብሔር ይጠብቅሃል ቢለው ግን በሰው ነፍስ እምነትን ይገዛል። በሰው ገንዘብ የሚሰጥ ምጽዋት ምጽዋት እንዳልሆነ ሁሉ፥ በሰው ሕይወት የሚገለጥ እምነትም እምነት አይደለም።

ሁለተኛው መቃወሚያ ከድህነት ወገን ስለሚመጣ ይበልጥ ይከብዳል፤ በቀላሉም ሊናቅ አይገባውም። ሁሉ አሠሪ ባለጸጋ አይደለም። ሁለት ወንበር ያላት ፀጉር ቤት፥ አራት ሠራተኛ ያላት ዳቦ ቤት፥ አንድ ረዳት ያለው ልብስ ሰፊ ገበያቸው በቀዘቀዘ ጊዜ ራሳቸውም ይራባሉ። ሥራው ቢዘጋ አሠሪውም ሠራተኛውም አብረው ይጎዳሉ፤ ረኃብም ይገድላልና። በ2012 ዓ.ም. በሀገራችን ሰው ሁሉ ከቤቱ እንዳይወጣ ፈጽሞ ያልታዘዘው የዕለት ጉርሱን በዕለት የሚያገኘው ሕዝብ ብዙ ስለ ሆነ ነው። እንግዲህ ድሃ አሠሪ ዕዳ የለበትም እንበልን?

እንዲህ አንልም። ዕዳው ይለካል እንጂ አይሠረዝም። ሁለት ሳንቲም ያላት መበለት በሁለት ሳንቲሟ ተመዘነች እንጂ ከመዝገቡ አልወጣችም። ደመወዝ መክፈል ያልቻለ አሠሪ እውነትን ሊናገር ይችላል፤ በቤቱ የታመመ ሰው መኖሩን ለሠራተኞቹ አይደብቅም። ሰፊ አዳራሽ የሌለው መስኮት ሊከፍት፥ ሥራውን ወደ ደጅ ሊያወጣ ይችላል። ሙሉ ወር ሊያሳርፍ ያልቻለ፥ ሠራተኛው ድኖ ሲመለስ ስፍራውን እንደሚያገኝ ቃል ሊገባለት ይችላል። ይህ ቃል ብቻውን የብዙ ሰው ሳል እንዳይደበቅ ያደርጋል። ባለጸጋው ግን በድሃው አሠሪ ምክንያት ከኋላ ሊሸሸግ አይገባውም፤ ለእርሱ የተሰጠው ሚዛን ሌላ ነውና።

የሠራተኛው ድርሻ

ዕዳው በአሠሪው ላይ ብቻ ነው ብንል ደግሞ ሠራተኛውን ከሰውነት ክብር ማሳነስ ይሆናል። ሕሊና ያለው ሁሉ ድርሻ አለው። ከነደመወዙ ዕረፍት ተሰጥቶት ሳለ ሕመሙን ደብቆ የሚመጣ፥ ማስኩን ለተቈጣጣሪው ዐይን ብቻ ብሎ በአገጩ ላይ የሚያንጠለጥል፥ የታመመውን ባልንጀራውን የሚሣለቅበትና የሚያገልለው ሠራተኛ በደለኛ ነው፤ በአጠገቡ የቆመው ሰው በቤቱ አሮጊት እናት ወይም ሕሙም ልጅ ይኖረዋልና። ሳል ይዞኛል ብሎ የሚናገር ሰው የሚወቀስ ሳይሆን የሚመሰገን ይሁን።

ሆኖም የድርሻው ልክ እንደ ሥልጣኑ ልክ ነው። መናገር የሚችል ዝም ቢል ይጠየቃል፤ ቢናገር የሚባረር ዝም ቢል ግን የዝምታው ትልቁ ክፍል በአሠሪው መዝገብ ይጻፋል። ሸክሙን የጫነውና የተሸከመው እኩል አይፈረድባቸውም።

ከቤታችን እንጀምር

ይህን ሁሉ ስንናገር ጣታችንን ወደ ፋብሪካውና ወደ ባለጸጋው ብቻ እየጠቆምን እንዳይሆን፥ እኛ ካህናት ወደ ራሳችን ቅጥር ግቢ እንመለስ። ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ቤት መሆኗ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ለብዙዎች የሥራ ቦታም ናት። ሰሞነኛው ካህን፥ ዲያቆኑ፥ ደዋዩ፥ ዘበኛው፥ መቃብር ቈፋሪው፥ የሒሳብ ሹሙ በእርሷ ጣራ ሥር ይውላሉ። በ2012 ዓ.ም. የሰሙነ ሕማማትና የትንሣኤ አገልግሎት በጥቂት አገልጋዮች ሲፈጸም፥ ምእመናን በየቤታቸው እያለቀሱ ሲጸልዩ አይተናል። ያን ጊዜ ስለ ምእመናን ታስቦ ነበር። ውስጥ ለቀሩት ለጥቂቶቹ አገልጋዮችስ በየደብሩ ምን ያህል ታሰበላቸው?

የደብር አለቆችና የሰበካ ጉባኤ አባላት ሆይ፥ እነዚህን ነገሮች በወረርሽኝ ጊዜ ሳይሆን አሁን በሰላሙ ወራት ተነጋገሩባቸው። ሰሞነኛው በታመመ ጊዜ ባልንጀራው ሰሞኑን ይያዝለት፤ የታመመውም ደመወዙ አይቈረጥበት። ሕሙምን ሊያናዝዝ የሚላከው ካህን ማስክና የእጅ ማጽጃ ይዞ ይሂድ። የአብነት ተማሪዎች በአንዲት ጎጆ ተጨናንቀው ስለሚያድሩ፥ ከመካከላቸው አንዱ ሲታመም ለብቻው የሚተኛበት ንጹሕ ስፍራ አስቀድሞ ይዘጋጅ። በማኅሌት ሌሊት መስኮቶቹ ይከፈቱ፤ ጸሎታችን እንደ ዕጣን በሚያርግበት ሰዓት ንጹሕ አየር ቢገባ የሚጐድልብን ነገር የለም። መቃብር ቈፋሪውን ደግሞ አንርሳ፤ በቸነፈር ዘመን ሁሉ የሚሸሸውን ሥራ የሚሠራ እርሱ ነውና።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ መልስ እንስጥ። ሠራተኛን ከወረርሽኝ መጠበቅ ዕዳ ነው። ዕዳ የሚሆነውም ስፍራውን የሚገዛው አሠሪ ስለ ሆነ፥ በሽታውም የታወቀ ስለ ሆነ፥ እስትንፋስም በደመወዝ የማይገዛ የእግዚአብሔር ስጦታ ስለ ሆነ ነው። ቸርነት የሚጀምረው ይህ ዕዳ ከተከፈለ በኋላ ነው፤ የሟቹን ሠራተኛ ልጆች ማሳደግ፥ ከተወሰነው በላይ ማሳረፍ፥ የታመመውን በቤቱ ሄዶ መጠየቅ ይህ ቸርነት ይባላል። የሠራተኛውን መስኮት ዘግቶ ለቀብሩ ገንዘብ የሚያዋጣ ሰው ግን ገና ያልከፈለውን ዕዳ ምጽዋት ብሎ የሚጠራ ነው።

ሌላ ወረርሽኝ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። መከታ የሚሠራው ግን ሰው ከመውደቁ በፊት ነው። አሠሪ የሆንህ ሁሉ ዛሬ ወደ ሥራ ቦታህ ስትገባ ዐይንህን ወደ ጣራህ ዙሪያ አንሣ፤ መስኮትህን ቍጠር፤ የታመመ ሠራተኛህ ያለ ፍርሃት ወደ አንተ መጥቶ አሞኛል ሊልህ ይችል እንደ ሆነ ራስህን ጠይቅ። መልስህ አይችልም የሚል ከሆነ፥ ሰገነትህ ገና መከታ የለውም።

የሕያዋን ሁሉ እስትንፋስ በእጁ የሆነ ልዑል እግዚአብሔር፥ በወረርሽኙ ወራት በየሥራቸው ላይ ሳሉ ያረፉትን ነፍሳቸውን ይማርልን፤ አሠሪውን ማስተዋል፥ ሠራተኛውን ጤና፥ ሀገራችንን ሰላም ይስጥልን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።